ሞፈሩና የዌ ባንሪ ማዘያ

ዌ ባንሪ ማዘያውን ደረቷ ላይ አቅፋ የትልቁን ቤት መሰላል መውጣት ጀመረች። አንደኛው እርከን ላይ ከጨርቁ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ወጣ። ቶሎ ብላ ሳለች። ሁለተኛው ላይ «ቋ ቋ» አለ፤ ሁለቴ ሳለች። መሰላሉ አሥራ ሦስት እርከን ስለነበረው፣ ላይ ስትደርስ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሴቶች በሳንባዋ ተስፋ ቆርጠው ነበር።

«እኔን!» አለች የባሏ እህት ዌ ታባ። «ይሄ ሳል የዛሬ ነው ወይስ የከረመ?»

«የዛሬ ነው። ጤዛ መታኝ።»

«ማዘያሽም ወፍሯል።»

«ታጥቦ ነው።»

«ጨርቅ ሲታጠብ ይወፍራል እንዴ?»

«የእኔ ይወፍራል» አለች ዌ ባንሪ።

«ዓይንሽም ቀልቷል። ሌሊቱን አልተኛሽም።»

«አልተኛሁም።»

«ማን ተኛ ብለሽ ነው» አለች ዌ ታባ፣ እሷም የራሷን ልጅ ማዘያ ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ እያስተካከለች።

በቶማሩሉ ምድር ሩዝ እምቢ ካለ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ይበቅላል፣ ያሽታል፣ ሲወቃ ግን ባዶ ገለባ ይሆናል። ሕዝቡ ሳጎ ከሚባል ዘንባባ ግንድ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ እየቆረጠመ፣ ግንዱም እያለቀ ነበር። የሩዝ ነፍስ ተቀይማ ወደ ባሕር እምብርት፣ የዓለም ውኃ ሁሉ ወደሚሰርግበት ጉድጓድ ሄዳለች ይባላል። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም፤ ከገዢው ዘር አንድ ሰው ላ ቱዎን ይዞ በባሕር ይሄዳል፣ ነፍሷን ለምኖ ዘር ይዞ ይመለሳል። የሟቹ ገዢ አያት ሄደው ተመልሰዋል፤ ይዘውት የመጡት ዘር ሦስት ትውልድ አብልቷል። የዌ ባንሪ ባል ላ ዌሎ ደግሞ አምና ሄደ። ከእሱ ጋር ከሄደው ሁሉ ተመልሶ የመጣው ራሱ ላ ቱዎ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ባሕሩ ዳር ተኝቶ ተገኘ፤ ቢጫ ጨርቁን እንደለበሰ፣ አንድ ጠብታ ሳይነካው።

ላ ቱዎ ሞፈር ነው። ነቀዝ የበላው፣ ከአንድ ሰው ክንድ ብዙም የማይረዝም የአሮጌ ሞፈር ቁራጭ። ለቶማሩሉ ሰው ግን ጌታው እሱ ነው፤ ገዢ የሚባለው ሰው የእሱ ጠባቂ ብቻ ነው። የራሱ አልጋ፣ የራሱ መጋረጃ፣ የራሱ ቢጫ ጃንጥላ አለው። ተፍቶ ባያውቅም የራሱ የነሐስ መትፊያ አለው። የሚያስተኙትና በዜማ የሚቀሰቅሱት ቢሱዎቹ ናቸው። ቢሱዎች ወንድም ሴትም ሆነው የተፈጠሩ ስለሆኑ ከሰማይም ከምድርም ጋር ይነጋገራሉ፤ የሁሉም አለቃ ፑዋንግ ማቶዋ ይባላሉ።

ላ ቱዎ ሰው ሲመርጥ ክብደቱን ይለውጣል። የማይፈልገው ሰው ሲሸከመው ዓለት ይሆንበታል፤ የሚፈልገው ሲሸከመው ላባ ይሆንለታል። በባዶ ትከሻ ግን አይነካም። ተሸካሚው እናቱ በሕፃንነቱ ባዘለችው ጨርቅ አዝሎት ከመሰላሉ ሥር እስከ ጀልባው ድረስ አርባ እርምጃ ይራመዳል።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማይናገረው ነገር አለ። መክበድና መቅለሉን የሚያውቀው የተሸከመው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መሄድ የማይፈልግ ሰው ማቃሰት ብቻ ይበቃዋል።

የዌ ባንሪ ልጅ ላ ካሲ ማቃሰት ቢችል ኖሮ እናቱ የመረብ እርሳስ ባላስፈለጋት። ላ ካሲ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ውሸት ግን እስከ ዛሬ አልወጣለትም። በልጅነቱ ጋን ሰብሮ ለእናቱ ከተናገረ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለጎረቤትም ሄዶ ተናግሯል። ዳክዬ ሲሸጥ እንኳ «ይቺ እንቁላል አትጥልም፤ ትናከሳለችም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ላ ቱዎ ሰው በሚመርጥበት ቀን ዋዜማ እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ለመነችው።

«ሲያሸክሙህ ትንሽ አቃስት።»

«ከከበደኝ አቃስታለሁ።»

«ባይከብድህም።»

«ካልከበደኝ ለምን አቃስታለሁ?»

«እኔ ስላልኩህ!»

ላ ካሲ አሰበበት። «እሺ፤ ግን ለምን ታቃስታለህ ካሉኝ እናቴ ናት ያለችኝ እላለሁ።»

ዌ ባንሪ ይህን ሰምታ የአባቷን አሮጌ መረብ አወረደች። መረቡ እንዲሰምጥ ዳርና ዳሩ ላይ የታሰሩትን እርሳሶች፣ እያንዳንዳቸው የዳክዬ እንቁላል ያክላሉ፣ ሃያ ሁለቱንም ፈታች። ከዚያም በማዘያው ጥምዝ ውስጥ አንድ በአንድ ሰፋቻቸው። ባሏን ባሕር ወስዶታል። ልጇን እንዲወስድባት አልፈለገችም። ሌላው ሁሉ፣ ሩዙም፣ የሩዝ ነፍስም፣ የገዢው ዘርም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነበር።

ፑዋንግ ማቶዋ በሩ ላይ ቆመው ማዘያዎቹን ተቀበሉ። የሚያኝኩት ሲሪ ቅጠል ከንፈራቸውን አቅልቶታል። የዌ ታባን ጨርቅ በአንድ እጃቸው ወስደው ባረኩት። የዌ ባንሪን ሲቀበሉ ክንዳቸው ወደ ታች ወረደ።

«ምን አጉርሰሽው ነው?»

«የእናት ፍቅር ነው፣ ፑዋንግ ማቶዋ።»

ፑዋንግ ማቶዋ ነቅነቅ አደረጉት። «የእናት ፍቅር ቋ ቋ አይልም» አሉ። ዌ ባንሪ ሳለች። እሳቸውም ለረጅም ጊዜ አይተዋት፣ ባርከው አስቀመጡት።

ፀሐይዋ የኮኮነት ዛፎቹን አናት ስታልፍ ላ ቱዎ ከነጃንጥላው ወረደ። ከበሮው ይመታል፤ ሕዝቡ ከመሰላሉ ሥር እስከ ወንዙ ዳር የጀልባ መቆሚያ ርብራብ ድረስ ግራና ቀኝ ቆሟል። መጀመሪያ የተጠራው የዌ ታባ ልጅ ላ ማፓታ ነበር። ከማካሳር ወደብ ያመጣውን የፖርቱጋሎች የብረት ቆብ ደፍቶ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ጩቤ ሻጥ አድርጎ ወጣ። ቆቡ ስለሰፋው ቀና ባለ ቁጥር ዓይኑን ይሸፍነዋል።

«በደም ሥሬ የሚሮጠው ነጭ ደም ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከሰማይ የወረዱት አያቶቼ ደም!»

«ባለፈው አልቅት ስትጣበቅብህ ያየነው ቀይ ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቀዩ የአልቅቷ የራሷ ነበር!»

ቢሱዎቹ ላ ቱዎን አንሥተው ወደ ጀርባው አቀረቡት። ሞፈሩ ገና ጨርቁን ሳይነካ ላ ማፓታ «ወይኔ ወገቤ!» ብሎ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቆቡም አፍንጫው ላይ ወረደ።

«ገና አላሸከምንህም» አሉ ፑዋንግ ማቶዋ።

«ከሩቅ ነው የከበደኝ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ዌ ታባ አልሳቀችም፤ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ላ ማፓታ ለወጉ ያህል አዝሎት ሦስት እርምጃ እያቃሰተ ተጎተተ፤ ከዚያም «ተራራ ነው! ተራራ ነው!» ብሎ አስረከበ።

ላ ካሲ ተጠራ። ራቁት ደረቱን፣ ሽርጡን ብቻ አገልድሞ መጣ። ማዘያውን ትከሻው ላይ ሲያስሩለት ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ዌ ባንሪ ልቧ ዘለለ። ላ ቱዎን አሳዘሉትና መራመድ ጀመረ። አምስት። አሥር። ጀርባው እየጎበጠ ሄደ። አሥራ ስምንት ላይ ላብ አጠመቀው። ሃያ አምስት ላይ፣ ርብራቡ መካከል፣ ቆመ።

«ከበደው! ከበደው!» አለ ሕዝቡ። ዌ ባንሪ ፈገግታዋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ፑዋንግ ማቶዋ ቀረቡት። «ከበደህ?»

ላ ካሲ ሲጠየቅ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አሰበ።

«ሞፈሩስ አይከብድም» አለ። «እንዲያውም ጀርባዬ ላይ ያለ አይመስለኝም። የከበደኝ ማዘያው ነው።»

ከበሮው ቆመ። ፑዋንግ ማቶዋ ከሽርጣቸው እጥፋት ትንሽ ቢላዋ አወጡና የጨርቁን ጥምዝ ሰንጠቅ አደረጉት። እርሳሶቹ ርብራቡ ላይ ይዘንቡ ጀመር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሃያ አንዱ ወደቁ። ሃያ ሁለተኛው ለብቻው፣ ዘግየት ብሎ ወደቀና እየተንከባለለ ሄዶ የዌ ባንሪ እግር ሥር ቆመ።

ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

«እማዬ!» አለ ላ ካሲ።

ዌ ባንሪ መጀመሪያ ልትስል አሰበች፤ አሁን ግን ሳል እንደማያዋጣ ገባት። ወደ ርብራቡ ወጥታ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ልጄ አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ለሁላችሁም ተናግሮ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። አባቱን ሰጥቻለሁ። ቤቴ ውስጥ ሌላ የምሰጠው የለኝም።»

ላ ማፓታ ቆቡን ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ። ወገቡ ድኗል። «በላ ቱዎ ላይ እጇን አንሥታለች! ወደ ባሕር ትወርወር!»

«አንተ» አሉ ፑዋንግ ማቶዋ ሳያዩት፣ «ከሩቅ የሚከብድህ ሰው፣ ከሩቅ ሁን።»

ከዚያም ጆሯቸውን ሞፈሩ ላይ አስጠግተው አዳመጡ። ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። አንድ ጊዜ «እንዴ!» አሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ የሳቁ መሰሉ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ላ ቱዎ ከዚህ ልጅ ጋር እየተነጋገረ ነበር፤ ሰው መካከል ገባበት። ሕጉ የታወቀ ነው። የላ ቱዎን ንግግር ያቋረጠ ሰው ንግግሩን ይጨርሳል። ተሸካሚዋ ዌ ባንሪ ናት።»

«እኔ?» አለች። «ፑዋንግ ማቶዋ፣ እኔ እኮ ከዘሩ አይደለሁም! የመርከብ ሠሪ ልጅ ነኝ!»

«እንግዲያ ከዚህ ሁሉ ሰው ሸራ መጠቅለል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ተነሽ።»

ከልጇ ትከሻ የተፈታውን ማዘያ፣ ጥምዙ እንደተሰነጠቀ፣ በእሷ ትከሻ ላይ አሰሩት። ጨርቁ ገና ከላቡ ይሞቃል። ላ ቱዎን ሲያሳዝሏት ዌ ባንሪ ጥርሷን ነክሳ ዓለቱን ጠበቀች። ዓለቱ አልመጣም። በሱ ፈንታ ከእንቅልፉ የነቃ ሕፃን እንደሚያደርገው አንድ ነገር ጀርባዋ ላይ ተንፈራገጠና ተደላድሎ ተቀመጠ። ይህን ክብደት ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት ሆኖታል እንጂ ታውቀዋለች።

«እናንተዬ! ቀላል ነው!» አለች፣ አፏ አምልጧት።

ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ የተሸካሚዋ አፍ የላ ቱዎ አፍ ነው። ከአፏ የወጣውን ሁሉ ቢሱዎቹ ሦስት ጊዜ ያዜሙታል። ዐሥራ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በከበሮ፣ በተከበረው የጥንት ዜማ ጀመሩ፦ «እናንተዬ ቀላል ነው! እናንተዬ ቀላል ነው! እናንተዬ ቀላል ነው!»

«ኧረ ይሄን አታዚሙት!»

«ኧረ ይሄን አታዚሙት! ኧረ ይሄን አታዚሙት!...»

ዌ ባንሪ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ አንዲት ሴት ወደ ወንዙ እየጠቆመች ጮኸች። ነፋስ የለም፤ ውኃው እንደ ዘይት ረግቷል። ጀልባው ግን በታሰረበት ገመድ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። አፍንጫውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ መለሰና ቆመ። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ሄደ፤ ሰዉ ሁሉ ተንበረከከ።

ፑዋንግ ማቶዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አሁን ተጠንቅቀሽ ተናገሪ። አንቺ ከዘሩ ስላልሆንሽ፣ ከዘሩ አንድ ሰው አብሮሽ ካልተሳፈረ ጀልባው አይወጣም። ጥሪ። አንዴ ከጠራሽ ቃሉ አይሻርም።»

ዌ ባንሪ ዞር አለች። ቢጫው ጃንጥላ ያለ ነፋስ ይርገበገባል፤ ከዘንጉ ኋላ የብረት ቆብ ጫፍ ይታያል። መልሱ ቀላል ነበር። ሦስት ቃል ነው፤ ላ ማፓታ ይምጣ። ሕዝቡም ይደሰት ነበር። ላ ካሲ ዳክዬዎቹ ጋ ይቀር ነበር፤ ያገባ ነበር፤ ያረጅ ነበር።

አፏን ስትከፍት ላ ካሲ ከርብራቡ ወርዶ ውኃው ውስጥ ገባና ጀልባው አጠገብ ቆመ። ውኃው ጉልበቱ ድረስ ነው።

«እማዬ፣ እኔን ጥሪኝ።»

«ዝም በል!»

ቢሱዎቹ አነሡት፦ «ዝም በል! ዝም በል! ዝም በል!» ሕዝቡ ሁሉ ዝም አለ። ከበሮው ዝም አለ። ዶሮና ውሻው እንኳ ዝም ያለ መሰለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ዌ ባንሪ ዌ ታባን አየቻት። ዌ ታባ ከሰዎቹ መካከል ቆማ የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። አትለምንም፤ አትጮህም፤ ዓይኗን ብቻ አፍጥጣ የዌ ባንሪን አፍ ታያለች። ያንን ዓይን ዌ ባንሪ ታውቀዋለች። ዛሬ ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ስትጎነበስ ገንዳው ውስጥ አይታዋለች።

ላ ማፓታን አልጠራችም።

«አልፈራሁም አልልም» አለ ላ ካሲ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈርቻለሁ። ግን ቀላል ነበር፣ እማዬ። ቀላል ነበር። አሁን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ማወቅስ ታውቃለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ነገር እንደ ሕፃን እየተነፈሰ ነው። ላ ዌሎም አምና በዚህ ርብራብ ላይ ሲሄድ ፊቱ ለምን ያን ያህል እንደበራ፣ እሷም ያንን ብርሃን ለምን እንደጠላችው ታወሳት።

«ላ ካሲ» አለች። ድምጿ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጀመረች። «ላ ካሲ፣ የላ ዌሎ ልጅ፣ ይምጣ።»

ቢሱዎቹ ሊያነሡ ትንፋሻቸውን ሳቡ። በዚያ መካከል ዌ ባንሪ ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የጎድን አጥንቶቹ ከሩቅ ይቆጠራሉ።

«ግን መጀመሪያ ይብላ» አለች።

የከበሮ መቺው እጅ አየር ላይ ቀረ። ፑዋንግ ማቶዋ በዓይናቸው ጠየቋት፤ ይህም ይዜም?

ዌ ባንሪ አንገቷን ቀና አደረገች። «ይዜም» አለች።

ዜማው ወጣ፦ «ላ ካሲ የላ ዌሎ ልጅ ይምጣ፤ ግን መጀመሪያ ይብላ!» በመጀመሪያው ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ። በሁለተኛው ሳቁ ሳሳ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠግቦ ያደረ ሰው እዚያ አልነበረምና ቃሉ ወደ እያንዳንዱ ሆድ ገባ። በሦስተኛው ሕዝቡ ራሱ ተቀብሎ አዜመው፤ ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያቀፈችውም፣ ከጃንጥላው ኋላ ያለው የብረት ቆብም፦ «ግን መጀመሪያ ይብላ!»

ዌ ታባ ከሰዉ መካከል ወጣች። ሽርጧን ሳትሰበስብ ውኃው ውስጥ ገባችና ከብብቷ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሳጎ ቂጣ አወጣች። ጥቅልሉ በሦስት ቦታ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ለሩቅ መንገድ የሚታሰር ስንቅ እንደዚያ ነው። ለማን ብላ አስራ እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም። ፈታችና ለላ ካሲ ሰጠችው።

ላ ካሲ ቆሞ በላ። ጀልባው ገመዱን እየሳበ፣ የቶማሩሉ ሕዝብ ሁሉ ተንበርክኮ፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስኪውጥ ድረስ ጠበቁት።